ጭብጨባ በቅንፍ

ሰው ፕሮፌሰር የሚሆነው በምርምር ነው ይባላል። የሌላውን አላውቅም፤ እኔ የሆንኩት በጭብጨባ ነው። ይህን ስናገር ሰዎች ትሕትና ይመስላቸውና «ኧረ እርስዎማ!» ይሉኛል። ትሕትና አይደለም። ጋዜጠኝነትንና ሕዝብ ግንኙነትን ዕድሜ ልኬን ሳስተምር ትሕትና የሚባል ኮርስ ሰጥቼም ወስጄም አላውቅም። የሙያዬ መሠረት የተጣለው በእርግጥ ነፋስ ስልክ ውስጥ በነበረ አንድ የካልሲ ፋብሪካ የምግብ አዳራሽ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ከመካኒሳ በእግሯ እየመጣች የምትማር አንዲት ተማሪዬ ናት። እኔ ከነገሩ ማዕረግ አተረፍኩ፤ እሷ ግን ነፍሷን ልታጣ ምንም አልቀራትም ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። የቀይ ሽብሩ ተኩስ ጋብ ብሎ፣ ሁሉም ሰው ፓርቲ ለማቋቋም ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን፣ ወዳጅ ከሚባሉት አገሮች በአንዱ ጋዜጠኝነት ተምሬ ተመለስኩ። የተማርኩት በቅጡ በማላውቀው ቋንቋ ስለነበር ከትምህርቱ ይልቅ ብርዱንና የጎመኑን ሾርባ አጥርቼ አስታውሳለሁ። ቢሆንም ዲግሪ ዲግሪ ነው፤ በአንድ የጋዜጠኞች ማሠልጠኛ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ማሠልጠኛው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ያለ የተወረሰ ቪላ ነበር። ሳሎኑ መማሪያ ክፍል፣ ማድ ቤቱ የታይፕ ክፍል፣ መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት ሆነዋል። መጻሕፍቱን ገንዳው ውስጥ ደርድረናቸዋል፤ ቧንቧው ውኃ አምጥቶ ስለማያውቅ ስጋት አልነበረንም። የማስተምርበት መጽሐፍ ከሩሲያኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የዞረ ነው። የመጨረሻውን ዙር የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ያልገባኝ ቦታ ላይ ስደርስ «ይህ ክፍል ፈተና ላይ አይመጣም» ብዬ አልፋለሁ።

መጽሐፉ እንደ ማንኛውም የጋዜጠኝነት መጽሐፍ «ጋዜጠኛ ያየውን ይጽፋል፤ የሰማውን ይጽፋል» ብሎ ይጀምራል። ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ ምን ማየትና ምን መስማት እንዳለበት ይዘረዝራል። እኔም በመጀመሪያው ቀን ያቺኑ ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ተማሪዎቼ ገለበጧት። አስተዋዮች ስለነበሩ በማግሥቱ ረሷት። ያቺ ከመካኒሳ የምትመጣው ልጅ ብቻ አልረሳችም። አስተማሪ ከሚገጥመው አደጋ ሁሉ የከፋው ያስተማረውን የሚያምን ተማሪ ነው፤ ይህን ማንም አላስጠነቀቀኝም።

ቀጠን ያለች ዝምተኛ ልጅ ነበረች። አውቶቡሱ መካኒሳ ላይ ሞልቶ ስለሚያልፍ በእግሯ ትመጣለች፤ የሸራ ጫማዋን ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ አይለየውም። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። አዳመጠች ስል የእውነት ነው። አንድ ቀን ለልምምድ «የምናገረውን መዝግቡ» ብዬ ስለ ርዕሰ አንቀጽ አወራሁ። ሌሎቹ ፍሬ ነገሩን ጽፈው አመጡ። እሷ «እ...» ያልኩባቸውን ቦታዎች ሁሉ ሳይቀር ጽፋ አመጣች። አነበብኩትና ደሜ ፈላ፤ ግማሹ ትምህርቴ «እ» ነበር። ከአምስት ነጥብ ላይ ስድስት ቀነስኩባት። ምክንያቱን ስትጠይቀኝ «አላስፈላጊ ዝርዝር» አልኳት።

አሁን ስለ ቅንፉ ልንገራችሁ። በዚያ ዘመን ጋዜጣ የባለሥልጣን ንግግር የሚያወጣው ከነነፍሱ ነው። በንግግሩ መሀል በቅንፍ «ጭብጨባ» ይባላል። ጭብጨባም እንደ ወታደር ማዕረግ አለው። ተራ «ጭብጨባ» አለ፤ «ከፍተኛ ጭብጨባ» አለ፤ «የጋለ ጭብጨባ» አለ። ከሁሉ በላይ «የጋለና ለረጅም ጊዜ የቆየ ጭብጨባ» አለ፤ ይህ ለማን እንደሚሰጥ ማንም አይጠፋውም። እኔ ይህን ማዕረግ አስተምር ነበር። ፈተናም አወጣበታለሁ፤ «ለመምሪያ ኃላፊ የጋለ ጭብጨባ ይገባዋልን? በምሳሌ አስረዳ።» ጋዜጠኛው አዳራሹ ውስጥ ባይገኝም ችግር የለም። ንግግሩ በስቴንስል ተባዝቶ ከቢሮ ሲወጣ ተጨብጭቦለት ነው የሚወጣው። ቅንፎቹ ቀድመው ታይፕ ተደርገዋል፤ ለሕዝቡ የቀረለት እጁን ይዞ መምጣት ብቻ ነው።

ከማሠልጠኛችን ቁልቁል ወረድ ብሎ የካልሲ ፋብሪካው ነበር። እሱም የተወረሰ ነው። የሚለቀው ቀለም ወንዙን አንድ ቀን ሰማያዊ አንድ ቀን ቡናማ ያደርገዋል፤ የፋብሪካውን ዕቅድ ማወቅ የፈለገ ሰው ወንዙን ማየት ይበቃዋል። እዚያ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነበረ፤ ካድሬም ነው። ካኪ ሳፋሪውን ሁሌ እንደተተኮሰ ይለብሳል። የሕዝብ ግንኙነት ማለት ለእሱ ጨርቅ ላይ መፈክር ማስጻፍ፣ ለእንግዳ ለስላሳ ማቅረብና ንግግር በቴፕ መቅዳት ነበር። ከሦስቱ በጣም የሚወደው ቴፑን ነው። ባትሪው እንዳያልቅበት ሲል ዜና እንኳ አይሰማበትም።

አንድ ቀን ትልቅ ባለሥልጣን ፋብሪካውን ሊጎበኝ መጣ። ኃላፊው ለፋብሪካው ወርኃዊ መጽሔት ዘጋቢ ላክልኝ ቢለኝ ልጅቷን ላክኋት። ተራዋ ስለነበረ እንጂ ሌላ ነገር አስቤ አይደለም። «የተባዛውን ንግግር ይሰጡሻል፤ ከነጭብጨባው ይዘሽ መምጣት ነው» አልኳት። ከዚህ የቀለለ ሥራ በዓለም ላይ የለም።

ሄደች፤ አዳመጠች። ታይፕ የተደረጉትን ቅንፎች በሙሉ ሰረዘቻቸው፤ በምትካቸው በእርግጥ የተጨበጨበባቸውን ቦታዎች አስገባች። ኃላፊው ወረቀቱን ተቀብሎ ገለጥ ገለጥ አደረገው። ቅንፍ በቅንፍ መሆኑን ሲያይ ደስ አለው፤ ለታይፒስቷ ሰጣት። እሷም ጣቷ ይሄዳል እንጂ ልቧ እዚያ የለም። ማባዣው ላይ ያለው ሰው የሚያየው ቀለሙ መድመቁን ነው። ይወቀሱ አልልም፤ ንግግር ማንበብ በዚያ አገር የማንም ሥራ አልነበረም። መጽሔቱ ታተመ፤ አንዱ ቅጂ የፋብሪካው በር አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

የወትሮው መጽሔት ከታተመ በኋላ የሚነበበው በርበሬና ስኳር ሲጠቀለልበት ነው። የዚያን ወር ግን ከሥራ የወጣው ሠራተኛ በሰሌዳው ፊት ተኮልኩሎ ቀረ። ለምን እንደሆነ ገጹን ላየ ይገባዋል። ባለሥልጣኑ «ምርታችንን በእጥፍ ለማሳደግ ቆርጠን ተነሥተናል» ያለበት ቦታ ላይ፣ ቢሮው «የጋለ ጭብጨባ» ያዘዘለት፣ «(አንድ ሰው አሳለው)» ይላል። ማይክሮፎኑ የተቋረጠበት ቦታ ላይ «(ጭብጨባ)» ይላል። «ለዛሬው ጉብኝት ሲባል ከሰዓት በኋላ ሥራ አይኖርም» የሚለው ላይ «(ከፍተኛ ጭብጨባ)»። ከዚያ ሰውየው ንግግሩን ሊጨርስ የመሰለባቸው ቦታዎች ይመጣሉ። «በመጨረሻም (የጋለ ጭብጨባ)» ይላል፤ ንግግሩ ይቀጥላል። ወረድ ብሎ «በመጨረሻም (የጋለ ጭብጨባ)»፤ አሁንም ይቀጥላል። ሠራተኛው ቃል አልተነፈሰም። ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር አሉ።

ኃላፊው እየሮጠ ማሠልጠኛው መጣ። ላብ በላብ ሆኗል።

«ጓድ መምህር፣ ፀረ አብዮት ነው ያስተማርከው!» አለኝ መጽሔቱን ጠረጴዛዬ ላይ እየወረወረ።

አነበብኩት። ሐቁን ለመናገር መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነበር፤ ቀጥሎ በሩን ዘጋሁት። ልጅቷን አስጠራኋት።

«ምን ነካሽ? ንግግሩ ላይ እኮ ተጽፎልሽ ነበር!»

«ጋሼ፣ ከነጭብጨባው አምጪ አሉኝ። እዚያ የተጻፈው ቦታ ላይ አልተጨበጨበም።»

«ሳሉስ? ሳሉን ምን አመጣው?»

«ሰውየውን አሳለው! ሰማሁት እኮ!»

ኃላፊው «ለጥቂት ጥያቄ ትፈለጊያለሽ» ብሏት ወጣ። ይህች ሐረግ በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነች ለማያውቅ ላስረዳ፤ ጥያቄው ጥቂት ይሁን እንጂ መልሱን ሰጥቶ የተመለሰ ሰው ጥቂት ነው። በበነጋው እሑድ የልጅቷ እናት እኔ የምኖርባት የቀበሌ ቤት ድረስ መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ። በሩን ይዘው ቆመው «ወንድሟን ለጥቂት ጥያቄ ብለው ወሰዱብኝ፤ በዚያው ቀረ። ይቺን ግን አልሰጥም። እርስዎ ያስተማሩት ነው አሉኝ፤ እንግዲህ እርስዎ ያውጡልኝ» አሉ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ለልጅቷ ፈራሁ፤ ለራሴም ፈራሁ፤ የትኛው ፍርሃት እንደሚበልጥ ለማወቅ አልሞከርኩም።

በሳምንቱ ውስጥ በፋብሪካው የምግብ አዳራሽ የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ያልነበረ ሰው አይገባውም፤ ሂስና ግለ ሂስ ማለት ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር፣ ከጨረሰ በኋላ ጎረቤቱ እንዲያግዘው የሚደረግበት ስብሰባ ነው። ሠራተኛው ከሥራ ተጠርቶ መጥቶ ረጃጅም አግዳሚዎቹ ላይ ተቀምጧል። ልጅቷ ፊት ለፊት፣ ለብቻዋ ወንበር ላይ። ኃላፊው ቴፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በመሐረብ ጠረገው።

«ሕዝቡ በትክክለኛው ቦታ አጨብጭቧል፤ ዘጋቢዋ ሆን ብላ አጣማዋለች» አለ። «ይኸው ቴፑ ይፍረድ!»

ማንም ቴፕ ክፈት አላለውም። ቴፑን ስለሚወደው ነው የከፈተው፤ ለባትሪው ሳስቶ አስቀድሞ አልሰማውም። የባለሥልጣኑ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። «...በእጥፍ ለማሳደግ ቆርጠን ተነሥተናል» አለ። ጸጥታ። ከዚያ ከቴፑ ውስጥ ጥርት ያለ «እህ! እህ!» ተሰማ። ሰው ሁሉ ወደ ማቅለሚያ ክፍሉ ሠራተኞች ዞረ። አንድ ጎልማሳ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ጓዶች፣ ስለ ሳሌ ግለ ሂስ አቀርባለሁ» አለ። «ቀለሙ ነው። ደረቴን እየበላኝ ነው። ሁለተኛ ስብሰባ ላይ አልስልም።»

ተቀመጠ። ቴፑ ቀጠለ። ማይክሮፎኑ ሲቋረጥ ጭብጨባ፤ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለም ሲባል ጭብጨባ። ልጅቷ የጻፈችው አንድም አልተዛነፈም። «በመጨረሻም» ሲባል የቴፑ ጭብጨባ አዳራሹን አናወጠው፤ ይባስ ብሎ ከኋላ የተቀመጡት ረስተው ከቴፑ ጋር አብረው አጨበጨቡ። ኃላፊው ተሯሩጦ ቴፑን ዘጋው።

አሁን ሰውየው ጭንቅ ውስጥ ገባ። ልጅቷን ቢከስ የጻፈችው እውነት መሆኑን ራሱ አስመስክሯል። ሠራተኛውን ቢከስ ካልሲ የሚሠራ የለም። መጽሔቱን ያሳተመው ደግሞ ራሱ ነው። እንዲህ የተያዘ ሰው አደገኛ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መውጫ ካጣ የሚረግጠው የቀረበውን ነው፤ የቀረበችው ልጅቷ ነበረች። እጄን አወጣሁ። ምን እንደምል ስነሣ አላውቅም ነበር።

«ጓዶች» አልኩ፣ «ነገሩ የንቃት ጉድለት ነው። ሕዝቡ ማጨብጨብ ይፈልጋል፤ ቦታውን ግን አላስተማርነውም። ሥልጠና ያስፈልጋል።»

አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ትንፋሽ ሲያወጣ ሰማሁ። ሥልጠና! ሥልጠና የማይፈታው ነገር የለም። ሥልጠና ከተባለ ማንም አላጠፋም ማለት ነው፤ ሁሉም ገና አልተማረም። የኃላፊው ፊት በራ። ወዲያው ሥልጠናውን እንድሰጥ እኔን መደበኝ፤ ልጅቷም ረዳቴ እንድትሆን ወሰነ፤ ሕዝቡ የት የት እንደሚሳሳት ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም ተባለ። ይሁንና ስብሰባው ሲበተን ሁለታችንን ለብቻችን ጠራን።

«እንግዳው ባለሥልጣን ተመልሰው ይመጣሉ» አለ። «ዘገባውን ራሷ ትጽፋለች። ያን ጊዜ አንድ ቅንፍ ከቦታዋ ንቅንቅ ብትል ጉዳዩ ከእጄ ይወጣል።»

ወደየት እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን። የወንድሟም ጉዳይ ከአንድ ኃላፊ እጅ ወጥቶ ነበር የቀረው።

እንግዲህ ከጋዜጠኝነት አስተማሪነት ወደ ሕዝብ ግንኙነት አስተማሪነት ያደግሁት እንዲህ ነው። የሕይወት ታሪኬ ላይ «የዘርፉን ትምህርት በተግባር ያስጀመረ» የሚለውን መስመር ስታነቡ፣ ካልሲ ሠሪዎችን እጃቸውን መቼ እንደሚያማቱ ማስተማሬ መሆኑን እወቁልኝ። ልጅቷ የእንግዳውን ድምፅ አስመስላ ንግግር ታነባለች፤ ጉሮሮውን ሲጠርግ እንኳ አይቀራትም። እኔ ምልክት እሰጣለሁ፤ ሠራተኛው ያጨበጭባል። ትጉህ ተማሪዎች ነበሩ። በኋላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥም እንደነሱ ያለ ክፍል አልገጠመኝም። አስቸጋሪዋ ቃል አንድ ብቻ ነበረች። የካልሲ ጣት የሚሰፋበት ክፍል ውስጥ የሚሠሩ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ ‹በመጨረሻም› ሲሉስ?»

«አይጨበጨብም፣ እማማ።»

«ደስ ቢለንስ?»

«ደስታዎን ይያዙታል።»

«ይሁን» አሉ፤ ግን ፊታቸው እንደማያምን ሰው ነበር። ደጋግሜ አስጠናኋቸው። በዚያች ቃል ላይ ማንም ቢገፋፋችሁ፣ እኔ ራሴ ምልክት ብሰጥ፣ እጃችሁ እንዳይነሣ አልኳቸው። የልጅቷን ነፍስ ያንጠለጠልኩት በዚህች ትእዛዝ ላይ ነበር።

እንግዳው ተመልሶ መጣ። አዳራሹ በመፈክር ተሸፍኗል። ልጅቷ ፊት ረድፍ ላይ ተቀምጣ እስክሪብቶዋን ይዛለች፤ ኃላፊው ከጎኗ ሆኖ ወረቀቷን አንገቱን አስግጎ ያያል። ንግግሩ ተጀመረ። እንዴት ያለ ጭብጨባ ነበር! «ቆርጠን ተነሥተናል» ሲል ጋለ፤ «ታላቋ አገራችን» ሲል ሞቀ። የማቅለሚያ ክፍሉ ጎልማሳ ፊቱ እስኪቀላ ሳሉን አፍኖ ያጨበጭባል። ኃላፊው ዞር ብሎ በዓይኑ አመሰገነኝ። ልጅቷ ቅንፎቹን በታዘዙበት ቦታ ላይ በእውነት ታስገባለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮውና ጆሮዋ ተስማሙ።

ከዚያ እንግዳው «በመጨረሻም...» አለና ቆመ።

ለምን እንደቆመ በኋላ ነው የገባኝ። በየሄደበት አዳራሽ ይህች ቃል ላይ ይጨበጨብለታል፤ ከንግግሩ ሁሉ የምትወደድለት እሷ እንደሆነች አምኗል። ስለዚህ አገጩን ከፍ አድርጎ ጭብጨባውን ጠበቀ። አዳራሹ ጭጭ አለ። ኃላፊው ደንግጦ ከወንበሩ ላይ ሆኖ አጨብጭቡ እያለ በሁለት እጁ ምልክት ይሰጣል። ሠራተኛው ግን ማንም ቢገፋፋችሁ ተብሏል፤ ፈተና መስሎት አስተውሎ ያየዋል እንጂ ንቅንቅ አላለም። አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ሥር ከተው ተቀምጠውባቸዋል።

«በመጨረሻም...» አለ እንግዳው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ሳቁ መጀመሪያ ያመለጠው ከአሮጊቷ አፍንጫ ነው። ከዚያ አጠገባቸው ያለችው፤ ከዚያ ረድፉ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጎልማሳው ያፈነው ሳልና ሳቅ አንድ ላይ ፈነዳበት። የልጅቷን ፊት አየሁ፤ ደም የሚባል አልነበረበትም። የተጨበጨበውን በመጻፏ እዚህ የደረሰች፣ የተሳቀውን ስትጽፍ ምን ልትሆን ነው? እናትየው በሬን ይዘው የቆሙበት ሁኔታ ፊቴ ላይ መጣብኝ።

እንግዳው መነጽሩን አወለቀ። አዳራሹን አየ። ከዚያ እጁ ላይ የቀረውን ወረቀት አየ፤ ብዙ ነበር። እና ሳቀ። ሆዱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። ምን እንዳሳቀው ለረጅም ዓመታት ሊገባኝ አልቻለም። የቀረውን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና ከመድረኩ ወረደ። ያን ጊዜ የተጨበጨበውን ጭብጨባ ማንም አላሠለጠነውም።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ሦስታችን ተቀመጥን። ወረቀቱ ላይ «በመጨረሻም» ከሚለው ቀጥሎ «(ሳቅ)» ተብሎ ተጽፏል።

«ሰርዢው» አለ ኃላፊው። «የጋለ ጭብጨባ በይው።»

የልጅቷ እስክሪብቶ አልተንቀሳቀሰም። «ጓድ፣ እሳቸውም ስቀዋል እኮ። አልሳቁም ብዬ ልጻፍ?» አለችው።

እኔም ቶሎ ብዬ «ይህማ እሳቸውን ማስተባበል ይሆናል» አልኩ፣ በተቻለኝ መጠን የአሳቢ ሰው ድምፅ አስመስዬ። ኃላፊው ወረቀቱን ወሰደ፤ አየው፤ አስቀመጠው፤ መልሶ አነሣው። በመጨረሻ ራሱ እስክሪብቶ አንሥቶ ቅንፉን አሰፋው፤ «(ሳቅ፤ ጓድ እንግዳችንም ከሠራተኛው ጋር በመቀራረብ መንፈስ ስቀዋል)»። እንዲሁ ታተመ። ልጅቷ በነጻ ወጣች፤ ኮርሷን ጨርሳ ዘጋቢ ሆና ወደ ክፍለ ሀገር ተመደበች። እናቷ ቤቴ መጥተው በዚህ ጊዜ ቁጭ አሉ።

አገሩ ግን በዚህ አልበቃውም። ከወር በኋላ ከላይ ትእዛዝ መጣ። የመቀራረብ መንፈሱ በጣም ስለተወደደ ወደፊት በየፋብሪካው «በመጨረሻም» ሲባል ሠራተኛው እንዲስቅ ተወሰነ። ሥልጠናውን ማን ይስጥ? ልምድ ያለው መምህር አለ ተባለ። ያንኑ ሠራተኛ ያንኑ አዳራሽ ውስጥ አቁሜ «አንድ፣ ሁለት፣ ሳቅ!» አልኩ። «ሃ፣ ሃ፣ ሃ» አሉ እንደ ሰልፈኛ። አሮጊቷ «መምህር፣ እኔ እንዲህ አድርጌ ስቄ አላውቅም» አሉኝ። ማናችንም አልቻልንበትም። ኮርሱ አሁንም በሥራ ልምዴ ላይ ተመዝግቧል፤ ለማዕረግ እድገት ነጥብ ተይዞልኛል።

ደርግ ሄደ፤ የማስተምርበት ቦታም ስሙም ተለዋወጠ። ያ ማቅለሚያ ቀለም የሚወርድበት ወንዝ ማዶ ከለቡ እስከ መካኒሳ ቤት በቤት ሆነ። እኔም ፕሮፌሰር ሆንኩ። በቅርቡ በጡረታ ስሰናበት ተማሪዎቼ አዳራሽ ሞልተው መጡልኝ፤ እኔም ለሙያዬ የሚመጥን ንግግር አዘጋጅቼ መድረክ ላይ ወጣሁ። ልጅቷን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አየኋት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ዕድሜዋን ሙሉ ዘጋቢ ሆና ኖራለች፤ እስክሪብቶዋን ይዛለች።

«ለዚህች አገር የሕዝብ ግንኙነት ትምህርት መሠረት ጥያለሁ» አልኩና፣ ሳላስበው፣ ትንሽ ቆም አልኩ። ማንም አላጨበጨበም። ከሦስተኛው ረድፍ ጥርት ያለ «እህ! እህ!» ተሰማ። ተመለከትኳት፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም። ግራ ተጋብቼ ብዙ ገጽ አነበብኩ። ስለ ሥርዓተ ትምህርት አነበብኩ፤ ስለ ዘርፉ ተግዳሮቶች አነበብኩ። ከዚያ «በመጨረሻም...» አልኩ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የጋለ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ባለሙያ ስለሆንኩ እመኑኝ። ከሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው እሷ ናት። እጄ ላይ የቀረውን ወረቀት አየሁ፤ ብዙ ነበር። ያኔ ሰውየውን ምን እንዳሳቀው ገባኝ፤ እኔም መድረኩ ላይ ቆሜ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወረድኩ።

እሷ ጋ ደርሼ እጇን ያዝኩ። ያቺ እንደ ወንድሟ ልትቀር የነበረች ልጅ ናት። «ምን ብለሽ ልትጽፊው ነው?» አልኳት።

«የሰማሁትን ነዋ፣ ጋሼ» አለችኝ።